ደርሶ ያጠቆራቸው ጣሪያዎች

ደርሶ አሽቀሎንን የሚያውቃት ከላይ ነው። ሌላው ሰው ከተማዋን በመንገዷ፣ በሱቋ፣ በአውቶቡስ ፌርማታዋ ሲያውቃት፣ እሱ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ ሲሠራ ስለኖረ በጣሪያዎቿ ያውቃታል። ዝናብ ሲመጣ የትኛው ሕንፃ ላይ ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው መሰላል እንደላላ፣ የጣሪያ በር ቁልፍ በየትኛው ቤት እንደሚቀመጥ ብትጠይቁት ሳያመነታ ይነግራችኋል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። የማወራላችሁን ግማሹን ከራሱ፣ ግማሹን ከባለቤቱ ከዘነቡ ሰምቻለሁ፤ የቀረውን በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው። ላዩ ላይ የየቤቱ ዱድ ሼሜሽ፣ በፀሐይ የሚሞቀው የውሃ በርሜል፣ ተሰልፎ ይቆማል። ሲሚንቶው በብርድ ወራት ዝናብ እንዳያሰርግ በሬንጅ ይለበጣል፤ የደርሶ ሥራ ይኸው ነው። አይሁድ ወገኖቹን በጅምላ ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በግንቦቱ የአውሮፕላን ጉዞ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በዓመቱ አንድ ሥራ ተቋራጭ ቀጠረውና ሬንጅ በበርሜል እያቀለጠ፣ በባልዲ እስከ አራተኛ ፎቅ እየተሸከመ ሥራውን ለመደ። በዚያን ጊዜ በሬንጁ ላይ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ነጭ ኖራ ይቀባ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ጥቁሩ ጥቅል መጣ፤ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ በጋዝ እሳት ከሲሚንቶው ጋር የሚጣበቅ። ውሃ አያሳልፍም፤ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው። ኖራው ቀረ፤ ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ደርሶ በጥቅሉ ሥራ እጁ ተዋጣለት። መገጣጠሚያውን ሁሉ በጣቱ ሳይዳብስ ከጣሪያ አይወርድም። በጦርነቱ ጊዜ የሮኬት ስብርባሪ የበሳቸውን ጣሪያዎች ሲጠግን የከረመውም እሱ ነው። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግሥት ሰዎች "የእኛ አላፈሰሰም፤ ደርሶ የሠራው ነው" ሲሉ ከሰማ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይፈካል።

ዓምና ሰኔ መጨረሻ ላይ ከዒሪያ፣ ከከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ስልክ ተደወለለት። ሚሪ የምትባል ሙቀት የምታጠና ሴት የአቲቆት ሰፈርን ጣሪያዎች ለማየት ትፈልጋለች፤ መግቢያ መውጫቸውን የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ የሁሉም አፍ የጠራው እሱን ነው። ደርሶ የሙቀት ጥናት የሚባል ሥራ መኖሩን ከዚያ በፊት አልሰማም። ቢሆንም እሺ አለ።

ሚሪ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የመጀመሪያውን ደረጃ አብረው ሲወጡ ሥራዋን አስረዳችው። የበጋው ሙቀት በየዓመቱ እየበረታ፣ ሙቀት የሚጥላቸው አዛውንቶችም እየበዙ ስለመጡ ከተማው የት ሰፈር፣ በምን ሰዓት፣ በምን ምክንያት የበለጠ እንደሚሞቅ ማወቅ ፈልጓል። መንገዱን፣ ፌርማታውን፣ የልጆች መጫወቻውን ለክታ ጨርሳለች። የቀራት ጣሪያው ነው።

"ራዲዮው ዛሬ አሽቀሎን ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ነው ይላል" አለችው እያለከለከች። "ግን በሠላሳ ሦስት ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። አንዱ በሃያ ሰባት ውስጥ ይኖራል፣ ሌላው በሠላሳ ስምንት ውስጥ። ማን በየትኛው ውስጥ እንዳለ ነው ማወቅ የምፈልገው።"

ጣሪያው ላይ ሲወጡ ቀትር ነበር። ሚሪ ከቦርሳዋ ትልቅ ስልክ የሚመስል መሣሪያ አወጣች። ብርሃን ሳይሆን ሙቀት የሚያይ ካሜራ ነው። ለራሷ ጥቂት ካየች በኋላ ለደርሶ ሰጠችው።

መጀመሪያ የተበላሸ መሰለው። ያቺ ከላይ ሆኖ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያያት ከተማ መልኳ ተለውጧል። በስተምዕራብ ያለው ባሕር የበሰለ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ጠቁሯል። ዛፎቹ ሐምራዊ ናቸው። የሕንፃዎቹ ግድግዳ ፀሐይ የነካው ቀይ፣ ያልነካው ሰማያዊ ነው። ጣሪያዎቹ ግን፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ እስከ ዓይን ማብቂያ ድረስ የተደረደሩት ጣሪያዎች፣ ከእሳት የወጣ ብረት ይመስል ቢጫ ሆነው መካከላቸው ነጭ ይበራል። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። ከተማው በሙሉ ዝም ብሎ ይነዳል።

ካሜራውን ቀስ ብሎ ወደ እግሩ አዞረ። ከጥጉ ላይ ሰባ ሁለት የሚል ቁጥር አለ።

"ምንድን ነው ይሄ ሰባ ሁለት?"

"የቆምክበት ነው" አለችው ሚሪ።

ደርሶ ስለዚያች ደቂቃ ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ዝቅ ይላል። "እግሬ ያውቀው ነበር" አለኝ። "ስንት ጫማ ነው ሶሉ የቀለጠብኝ። ዓይኔ ግን አያውቅም ነበር። ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር ሠላሳ ዓመት ሳያይ ይኖራል እንዴ?"

እንደገና አነሣውና ሰፈሩን ቃኘ። ከሚነዱት መካከል ሩቅ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ጨለም ብሎ ታየው፤ አንዱን ጣሪያ ጥላ የሸፈነው ይመስላል። ሚሪ አቅርባ ለካችው። አርባ ሦስት። ደርሶ ሕንፃውን ለየው። ከሮማኒያ የመጡ አንድ ሽማግሌ የሚኖሩበት ነው፤ በየዓመቱ ለፔሳሕ፣ ለአይሁድ ፋሲካ፣ ጣሪያ ወጥተው ኖራ ይቀባሉ። ጣሪያ ሠሪዎች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በሽማግሌው ይስቁ ነበር። ደርሶም ስቋል።

ፀሐዩ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ሲሚንቶው አንድ። ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው። እሱም ወጣት ሳለ በገዛ እጁ ይቀባው የነበረ ኖራ።

ሲወርዱ ሚሪ ካሜራውን አላጠፋችውም። የደረጃው ውስጥ ጥላ ስለሆነ ሁሉም ነገር ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ከአራተኛው ፎቅ ዝቅ ብሎ ግን አንዱ ደረጃ ላይ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ሰፋ ያለ ክብ ነው፤ ከሥሩ ባለው ደረጃ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ቢጫዎች አሉ።

"ሰው ተቀምጦ ነበር" አለች ሚሪ። "አሁን ነው የተነሣው። ያውልህ እግሩ።"

ደርሶ በዓይኑ ሲያይ ደረጃው ባዶ ድንጋይ ነው። በካሜራው ሲያይ የተቀመጠ ሰው ቅርጽ አለበት። ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ቢጫው እያዩት ወደ ቀይ ሄደ፤ ቀዩ ሐምራዊ ሆነ፤ ከዚያም ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። ሚሪ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይታለች፤ እንዲህ ያለውን ባየች ቁጥር ግን እስኪጠፋ ድረስ ቆማ እንደምታየው ነግራዋለች።

ወዲያው አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፍቶ እማማ ደጅይጥኑ ውሃ በብርጭቆ ይዘው ወጡ። እማማ ደጅይጥኑ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጣሪያው አልጋቸው ላይ ሲያንጠባጥብ ጥቁሩን ጥቅል ያነጠፈላቸው ደርሶ ነው፤ ያን ጊዜ እጁን ይዘው መርቀውታል።

"ደርሶ፣ ደግሞ አፈሰሰ እንዴ?" አሉት።

"የለም እማማ፣ ለሌላ ነገር ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ይሆናል? ከቀትር እስከ ማታ መዋያዬ እዚህ ነው። ድንጋዩ ቀዝቀዝ ይላል።"

"ማዝጋን የለዎትም እንዴ?" አላቸው፤ የአየር ማቀዝቀዣ ማለቱ ነው።

"አለ፤ ልጆቼ ገጥመውልኛል። ግን ንፋሱ ጉልበቴን ይበላኛል። ደግሞስ ባበራው ከላይ የሚወርደውን መች ያስቀረዋል? ፊቴ ይበርደዋል፣ አናቴ ይቃጠላል።"

ደርሶ ለሚሪ ተረጎመላት። ሚሪ ቤቱን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። እማማ ደጅይጥኑ "ይግቡ" ብለው በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱ።

መኝታ ቤቱ የተሰናዳ ነው። አልጋው ነጭ ለብሷል፣ መስኮቱ ተጋርዷል፣ ወለሉ ታጥቦ ደርቋል። ሚሪ ካሜራውን ወደ ላይ አቀናች። የክፍሉ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ፣ በውስጡ ያለው ብረትና ሲሚንቶ እንደ ከብት ጎድን መስመር መስመር ሠርቶ ይበራል። ጣሪያው ሠላሳ ዘጠኝ፣ የክፍሉ አየር ሠላሳ አምስት። አልጋው በትክክል ከሥሩ ነው። ደርሶ ከላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ሲሚንቶ ተሻግሮ ያለውን ያውቀዋል፤ መገጣጠሚያው በየት በኩል እንደሚያልፍ እንኳ ያስታውሳል።

"ለማንም ተናግረው ያውቃሉ?" አላቸው።

"ምን ብዬ? ሙቀቱ የአገሩ ነው። እግዚአብሔር ያመጣውን ለማን እከሳለሁ?"

ደርሶ ተሰናብቷቸው ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሚሪን ቀድሟት ወረደ።

ማታ ራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ዘነቡ በየቤቱ እየዞረች አዛውንት የምትንከባከብ ሴት ናት፤ የሰው ፊት ታነባለች። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ነገራት። ሲጨርስ ጥቂት አሰበችና "እኔ የምሄድባቸው ላይኛው ፎቅ ያሉት ሁሉ በሐምሌ ወር ምግብ ይጠላሉ" አለችው። "እርጅና ነው ስል ነው የኖርኩት። ምክንያቱ ይሄ ከሆነ ሄደህ ንገራቸው። ዝም ካልክ አያምርብህም።"

በማግሥቱ ሥራውን ትቶ ወደ እማማ ደጅይጥኑ ሄደ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እሱም ዝቅ ብሎ ከእግራቸው ሥር ባለው ደረጃ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ያ ሙቀት እግዚአብሔር ያመጣው ብቻ አይደለም። ያንን ጥቁር ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል። ዝናቡን ዘጋሁልዎ፤ እሳቱን ግን እኔ አስገባሁብዎ።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

"አውቀህ ነው?"

"አላወቅሁም። እግሬ እየተቃጠለ ከሥሬ ያለውን ሰው አላሰብኩም።"

"መፍትሔ አለው?"

"አለው። ነጭ ይቀባል።"

"እንግዲያው ተነሥና ቅባው። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ተቀምጬ ይቅርታ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።"

ይህን ሲነግረኝ ደርሶ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ያዘለ ነበር።

መቀባቱ ግን ተነሥቶ እንደ መሄድ አልቀለለም። ሚሪ ከተማውን አግባብታ ለሙከራ የሁለት ሕንፃ ቀለም አስፈቀደች። አንዱ የእማማ ደጅይጥኑ ሕንፃ እንዲሆን ተስማማች፤ ነዋሪዎቹ ግን መፈረም አለባቸው። የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ ያሮን የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንደኛ ፎቅ ይኖራል። ደርሶን ሕንፃው በር ላይ አስቁሞ አፋጠጠው።

"ይሄ ጥቁር ከሁሉ የተሻለ ነው ብለህ ያስፈረምከን አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ የተሳሳትከው ያኔ ነው ወይስ አሁን?"

"ለዝናቡ ያኔም አልተሳሳትኩም። ለሙቀቱ ተሳስቻለሁ። ውጣና እይ።"

ያሮን ጣሪያው ላይ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ደርሶ "እጅህን አሳርፍበት" አለው። ያሮን መዳፉን አሳረፈና ወዲያው አነሣው። ከዚያ ደርሶ እማማ ደጅይጥኑን አስፈቅዶ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አስገባው። ያሮን ከክፍሉ መካከል ቆሞ ጣሪያውን እያየ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሲወጣ ወረቀቱን ከደርሶ እጅ ወስዶ በሩን ሁሉ ራሱ አንኳኳ። ከአሥራ ስድስቱ ቤት አሥራ አራቱ ፈረሙ፤ ለሥራው በቂ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጊላድ ነው። ጊላድ ከማዶ ባለው ከፍ ያለ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ነጩ ጣሪያ ብርሃኑን መልሶ በዓይኑ እንደሚወረውርበት ሰግቶ ለከተማው አቤቱታ ጻፈ። ደርሶ አልተቆጣም። አንድ ነጭ የተቀባ ጣውላ ጣሪያው ላይ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየቀያየረ አስቀመጠ፤ በየመካከሉ ጊላድ ቤት እየሄደ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኖ አብሮት አየ። ሁለት ከቀትር በኋላ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ የሚያስቸግረው ወደ ጊላድ መስኮት የቀረበው ዳር ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አርባ ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሚያበራ ሁለቱም አዩ። ያ ዳር ነጭ መሆኑ ቀርቶ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እንዲቀባ ተስማሙ። ጊላድ አቤቱታውን አነሣ።

ሥራው የተጀመረው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ገና ሳይነጋ፣ ጣሪያው ሳይሞቅ ይወጣሉ። ደርሶ ከሁለት ሠራተኞች ጋር የርግቡን ኩስ ፈግፍጎ፣ የዓመታቱን አቧራ አጥቦ፣ የተሰነጠቀውን ደፍኖ የመጀመሪያውን ቀለም ቀባ። በማግሥቱ ሁለተኛውን ደገመ። ከዳር ጀምሮ ወደ በሩ እያፈገፈገ ቀባና ጨርሶ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀለሙ ሲደርቅ፣ በቀትር ብቻውን ወጣ። የሥራ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። ከዚያ በሐምሌ ቀትር፣ ራስ የሚበሳ ፀሐይ ላይ፣ ባዶ እግሩን ነጩ ጣሪያ ላይ አሳረፈ።

ይሞቃል፤ ግን ያስቆማል። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በውሃ በርሜሎቹ መካከል አልፎ ባሕሩ እስከሚታይበት ዳር ሄደና ቆመ። ዓይኑን ማጥበብ ነበረበት፤ ብርሃኑ ከላይም ከታችም ነው። "አውሮፕላኑ ካወረደን ቀን ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም" አለኝ። እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ነሐሴ ላይ ሻራቩ መጣ። ሻራቭ ከምድረ በዳ የሚመጣው ደረቅ ሙቀት ነው፤ ባሕሩ አጠገባችን እያለ እንኳ የሚተነፈስ አየር ያሳጣል። አራት ቀን ቆየ። በቀን አርባ አንድ ደረሰ፤ ማታም አልበረደም። ሚሪ በነጩ ሕንፃ ላይኛ ፎቅና አጠገቡ ባለው ጥቁር ሕንፃ ላይኛ ፎቅ መለኪያ አስቀምጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የእማማ ደጅይጥኑ መኝታ ቤት ሠላሳ አንድ ሲሆን፣ በጥቁሩ ሕንፃ ያለው ቤት ሠላሳ ስድስት ነበር።

እኔ በዚያን ቀን በሕንፃው ደረጃ ወጥቻለሁ። ደረጃው ባዶ ነበር። እማማ ደጅይጥኑ በራቸውን ገርበብ አድርገው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በአጠገቡ ባለው ጥቁር ሕንፃ ግን ጋሼ ጀምበሩ ወደቁ። ጋሼ ጀምበሩ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ላይኛው ፎቅ ይኖራሉ። ያገኘቻቸው ዘነቡ ናት። በጠዋት ልታያቸው ብትሄድ ወለሉ ላይ ተዘርግተው፣ ቆዳቸው ደርቆ፣ እየቃዡ ወንዙን እንሻገር ሲሉ አገኘቻቸው። ዘነቡ አምቡላንስ ጠርታ፣ እስኪመጣ እርጥብ አንሶላ አልብሳ ማራገቢያ አዞረችባቸው። ሐኪሞቹ ያ እርጥብ አንሶላ ነው ያተረፋቸው አሉ። ጋሼ ጀምበሩ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቤታቸው ተመለሱ።

የእሳቸውንም ጣሪያ ያነጠፈው ደርሶ ነው።

ሻራቩ ባለፈ ማግሥት ሚሪ ቢሮ ሄደ። ማንም አልጠራውም። "ከተማውን ከላይ ያነሣችሁት ፎቶ አለ?" አላት። ሚሪ በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈተችለት። ደርሶ ወንበር ስቦ ከፊቱ ተቀመጠና በጣቱ ማመልከት ጀመረ።

"ይሄ የእኔ ነው። ይሄም። ይሄ የሌላ ሰው ነው፤ ግን ጥቁር ነው። ይሄኛው ከሥሩ ባልና ሚስት አሉ፤ ባልየው ስኳር አለበት። እዚህ አንዲት መምህርት ነበረች፤ አሁን አክስቷ ናት ያለችው። ይሄ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ያለው የእኔ ነው። ይሄ ባዶ ነው፤ ሰው የለበትም፤ ይቆይ።"

ሚሪ መጀመሪያ እየሰማች ብቻ ነበር። ከዚያ ብዕር አነሣች። ከዚያም ሌሎቹን የቢሮ ሰዎች ጠራች። ደርሶ ያለምንም ወረቀት፣ በቃሉ ብቻ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጣሪያዎቹን ቆጠረ፤ መቼ እንደተነጠፉ፣ ማን ከሥራቸው እንደሚኖር፣ ጉልበት የሚያመው ማን እንደሆነ፣ ብቻውን ያለው ማን እንደሆነ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጣሪያ ሆነ። ሚሪ በኋላ ለእኔ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። "እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙቀቱን ለካን" አለችኝ። "በካርታችን ላይ ሁሉም ነገር ነበር። ሰው አልነበረም። ይሄ ሰው መጣና በአንድ ከሰዓት በኋላ በሰው ሞላው።"

ያ ካርታ አሁን ከተማው የሚሠራበት ነው። የሚቀባው ጣሪያ ቅደም ተከተሉ የሚወጣው በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ሰውም ነው። ሻራቭ ሲመጣ መጀመሪያ ስልክ የሚደወለው ለእነማን እንደሆነም ከዚያው ይታያል። ዘነቡና ጓደኞቿ የእርጥብ አንሶላውን ነገር ለሌሎች ተንከባካቢዎች እንዲያስተምሩ ተጠሩ። ደርሶ ከስድስት ሠራተኞች ጋር ከመስከረም እስከ ዝናቡ መግቢያ አሥራ ዘጠኝ ጣሪያ ቀባ። ሁለተኛው የጋሼ ጀምበሩ ነበር።

ሁሉም ነገር ሰምሯል ማለቴ አይደለም። ሁለት ሕንፃዎች አንፈርምም ብለው እስካሁን ጥቁር ናቸው። ነጩ ቀለም በአቧራና በርግብ ኩስ ስለሚደበዝዝ በዓመት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት፤ ማን እንደሚያጥበው ገና ይከራከራሉ። በጥር ወር ደግሞ እማማ ደጅይጥኑ ደርሶን አስጠሩት።

"አሁን ደግሞ በረደኝ" አሉት። "ድሮ በብርዱ ጊዜ ከላይ ትንሽ ሙቀት ይወርድልኝ ነበር። እሱንም ወሰድከው።"

ደርሶ ለሚሪ ነገራት። ሚሪ አልሳቀችም፤ ቤታቸው ሄዳ ለካች። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ቀዝቅዟል። ያንንም መዘገበችው፤ ከሚቀጥለው ጣሪያ ጀምሮ ከነጩ ሥር የሙቀት መከላከያ ንጣፍ እንዲገባ ጠየቀች። ለእማማ ደጅይጥኑ ደርሶ ወፍራም ብርድ ልብስ ወሰደላቸው። የብርድ ልብሱ ቀለም አይስማማኝም ብለው ትንሽ አጉረመረሙና ተቀበሉት።

ዘንድሮ በሐምሌ መጀመሪያ ሚሪ ድሮን አስነሥታ ሰፈሩን በሙቀት ካሜራ ከላይ አስቀረጸች። ደርሶና እኔ አብረን እንድናይ ጋበዘችን። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ስክሪኑ ላይ አቲቆት ከአናቷ ታየች፤ ቢጫና ነጭ ሆና ዓምና ደርሶ እንዳያት ትነዳለች። በዚያ እሳት መካከል ግን እዚህም እዚያም ጨለም ያሉ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ የሆኑ አራት ማዕዘኖች አሉ። አንዱ ጋ ሁለት ጎን ለጎን፣ ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል ሦስት በአንድ ረድፍ።

እኔ የማየውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እዚያ ከእያንዳንዱ ሰማያዊ ሥር አንድ ሰው አለ፤ በዚህ ሰዓት ምናልባት ተኝቷል፣ ምናልባት ምሳውን ይበላል። ይህን ያደረገው አጠገቤ የተቀመጠው፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የቀረበት ሰው ነው።

ደርሶ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል። ብዙ ስለቆየን ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ሚሪ እጇን ዘርግታ መልሳ አበራችለት።